በክረምት ዕረፍት ልጆችን ይዞ መውጣት፦ ከመሀል አዲስ አበባ ለሚነሣ ቤተሰብ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የትምህርት ቤቶች ረጅሙ ዕረፍት በአገራችን የሚውለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደውም በእነዚሁ ሁለት ወራት ነው። ልጆች ነፃ የሚሆኑበትና ሰማዩ የሚዳምንበት ጊዜ አንድ በመሆኑ፣ ብዙ ወላጆች «ዝናቡ ይለፍና» እያሉ ሲጠብቁ እንቁጣጣሽ ይደርሳል፤ ልጆቹም ዕረፍታቸውን በቴሌቪዥንና በስልክ ፊት ጨርሰው ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። እኔና ባለቤቴ አምስት ኪሎ አካባቢ የምንኖር ሲሆን የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ባለፉት አራት ክረምቶች በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ይዘናቸው ለመውጣት ስንጥር ያዋጣንን አካሄድ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። የግል መኪና ስለሌለን መመሪያው በታክሲና በእግር ለሚሄድ ቤተሰብም ያገለግላል።

ሁሉም ነገር የሚያርፈው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፦ በጠዋት መውጣት፣ በአንድ ቀን አንድ ዋና ቦታ ብቻ ማየት፣ ዝናብ ሲመጣ የሚጠለሉበትን ጣራ አስቀድሞ ማወቅ።

1. ጠዋቱን መያዝ

የከተማችን የክረምት ዝናብ ለሚያስተውለው ሰው የራሱ ሥርዓት አለው። እርጥበት የተሸከመው ነፋስ በደጋው ላይ ተኝቶ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይነሣና ይቀዘቅዛል፤ ደመናውም እየከበደ ሄዶ ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ይወርዳል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ማለዳ ላይ ማባራቱም የተለመደ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ የቤተሰቡ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። አራት ሰዓት ለትንሽ ልጅ ከበቂ በላይ ነው።

የቀኑንም ቅደም ተከተል በዚሁ መሠረት ይሥሩት። ሜዳ ላይ የሚታየውንና በእግር የሚኬድበትን በመጀመሪያ ያድርጉት፤ ጣራ ያለውን ለማብቂያ ያቆዩት። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ሙዚየሙን ጠዋት ይጨርስና ከምሳ በኋላ ወደ መናፈሻ ሲያመራ ዝናቡ መንገድ ላይ ያገኘዋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ሰማዩ ጭፍግግ ብሎ ሲያካፋ ይውላል። እንዲህ ባለው ቀን የሜዳውን ዕቅድ ትተው ወደ ሙዚየም ወይም ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሂዱ። ሁለቱንም ዕቅድ ከዋዜማው ይዞ መተኛት ጠዋት ላይ ከሚነሣ ክርክር ያድናል።

2. አንድ ቦታ መምረጥና ዋዜማውን ማጣራት

በመጀመሪያው ክረምት ይህን ባለማወቃችን ተቸግረናል። በአንድ ቀን ሙዚየም አይተን፣ ፒያሳ ኬክ በልተን፣ እንጦጦ ወጥተን ለመመለስ አሰብን። ፒያሳ ስንደርስ 7 ሰዓት አልፎ ነበር፤ እንጦጦን ትተን ወደ ቤት ለመመለስ የታክሲ ወረፋ ውስጥ እንደ ቆምን ዝናቡ ወረደ። ትንሹ ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ትልቋ ካልሲዋ ድረስ ርሳ «እማዬ፣ ሁለተኛ አልወጣም» አለችኝ። ያን ቀን ካየነው ሁሉ ዛሬ የምታስታውሰው ወረፋውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን አንድ ቦታ ብቻ እንመርጣለን፤ ልጆቹ ገና ሳይሰለቹም እንወጣለን። የ5 ዓመት ልጅ በሙዚየም ውስጥ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ በደስታ አይቆይም፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው ነገር አይገባውም።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ዋዜማውን ስልክ ደውለው ክፍት መሆኑን፣ የመግቢያ ዋጋውን፣ ምግብ ይዞ መግባት መፈቀዱን ይጠይቁ። የመሀል ከተማው መንገዶች ትልልቅ ስብሰባና የውጭ እንግዶች በሚኖሩበት ቀን ሊዘጉ ስለሚችሉ፣ በተለይ በቤተ መንግሥቱና በመስቀል አደባባይ ዙሪያ የሚሄዱ ከሆነ የማታውን ዜና መስማት ይጠቅማል። መታወቂያዎን አይርሱ።

ገንዘቡንም ማታውኑ ይከፋፍሉት። የመግቢያ፣ የታክሲና የሻይ ሂሳብ በአንድ በኩል ይሁን፤ ድንገት ዝናብ ቢይዝዎ ራይድ ጠርተው ወደ ቤት የሚመለሱበት ገንዘብ ግን ለብቻው ይቀመጥ፣ ለአሻንጉሊትም ይሁን ለኬክ አይነካ። በቴሌብር ለመክፈል ቢያስቡም ጥቂት ጥሬ ብር ይያዙ፤ የበቆሎ እሸት ለሚጠብሱት እናቶች የሚመቸው ዝርዝር ብር ነው።

3. ልብስ፣ ጫማና ስንቅ

ዣንጥላ ለአዋቂ እንጂ ለሕፃን አይመችም። ልጁ ባንድ እጁ ዣንጥላ፣ በሌላው የእርስዎን እጅ ይዞ ሲሄድ የሚደግፈው እጅ አይኖረውም፤ ነፋስ ሲመጣም ዣንጥላው ይጎትተዋል። ቆብ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል። ከሥሩ ሹራብ ይልበስ፤ ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ያልባል፤ ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ከሚለብስ ሁለት ቀለል ያሉ ልብሶችን ደርቦ ቢለብስና እየቀነሰ ቢሄድ ጥሩ ነው። ጭቃ ባለበት ቦታ የላስቲክ ቦቲ፣ በሙዚየም ቀን ደግሞ ሶሉ የማያንሸራትት ሽራ ጫማ በቂ ነው።

በቦርሳው ታች ሁልጊዜ የሚቀመጡ ነገሮች አሉ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ጥንድ ካልሲ በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ አንድ ትንሽ ፎጣ፣ አንድ ነጠላ ወይም ቀጭን ጋቢ። የረጠበ ካልሲ በቶሎ ካልተለወጠ ልጁ ይበርደዋል፣ ይነጫነጫል፤ የቀረው ሰዓትም ይበላሻል። የወላጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በልጁ ውስጠኛ ኪስ ይግባ፤ ስምና ሰፈር እንኳ የሚያውቅ ልጅ ሲደነግጥ ሁሉንም ይረሳል።

ስንቁን በተመለከተ ወሩን ማየት ያስፈልጋል። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሚውል የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይዝም። ከ7 ዓመት በላይ ያሉ ልጆች ጾሙን መያዝ እንዳለባቸው ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ በፍልሰታ ግን ከዚያ ያነሱትም ከታላላቆቻቸው ጋር ካልጾምን ብለው ያስቸግራሉ። ልጅዎ ቅዳሴ እስኪወጣ ሳይበላ የሚቆይ ከሆነ በዚያ ሳምንት ረጅም የእግር መንገድ አያስይዙት፤ ከምሳ በኋላ ጣራ ያለው ቦታ ይውሰዱት። ለስንቅ በድንችና በካሮት ወይም በወፈር ያለ ሽሮ የተጠቀለለ እንጀራ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ድፎ ዳቦ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ ሙዝ፣ በፔርሙስ ደግሞ ሻይ እንይዛለን። ቀጠን ያለ ወጥ ምሳ ዕቃው ውስጥ እየፈሰሰ ቦርሳውን ስለሚያበላሽ ይቅር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አብረውን ሲወጡም ይኸው የጾም ምግብ ለሁላችን ይሆናል፤ ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ሳይለዩ አብረው ይበላሉ።

ክረምት ደግሞ የእሸት ጊዜ ነው። በየመንገዱ ዳር ከሰል ላይ የሚጠበሰው በቆሎ ለልጆች ከማንኛውም ብስኩት ይበልጣል። ልጄ ፍሬውን አንድ በአንድ በጥርሷ ረድፍ በረድፍ ስትጨርሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ያለ ድምፅ ትቀመጣለች፤ እኛም እግራችንን እናሳርፋለን።

4. መሄጃና መመለሻ

ከቤት ሲወጡ ብዙ ችግር የለም፤ የሥራ መግቢያ ሰዓት ካለፈ በኋላ ታክሲ ይገኛል። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ዝናብ ከጀመረ ወረፋው ይረዝማል፣ የራይድ ዋጋም ይጨምራል፤ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ከሥራ የሚወጣው ሕዝብ ይደርሳል። ስለዚህ ከ8 ሰዓት በፊት ወደ ቤት መንገድ መጀመር ይመረጣል። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎም እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ለልጅ እግር የሚከብድ አይደለም፤ የእግረኛ መንገዱም ሰፍቶ ስለተሠራ ዝናቡ ካባራ በእግር መሄድ ይሻላል። ልጁ የብስክሌት መስመሩን ከእግረኛው ለይቶ እንዲያውቅ አስቀድመው ያሳዩት። በከተማው መሀል ያሉት እንደ ቀበና ያሉ ወንዞች ላይኛው ተራራ ሲዘንብ በድንገት ስለሚሞሉ፣ ሰፈርዎ ውስጥ ባይዘንብም ልጆችን ወደ ወንዝ ዳር አያስጠጉ።

ምንም ቦታ መሄድ በማይቻልበት ቀን ባቡሩ ራሱ መዝናኛ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከስታዲየም ወደ አያት ሲሄድ ከፊሉን መንገድ በድልድይ ላይ ስለሚያልፍ፣ ልጆች ከተማውን ከላይ እያዩ ይሄዳሉ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ መጨናነቁ ይቀንሳል።

5. የመጀመሪያው መውጫ፦ ከአምስት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ

ልጆቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ ለሚወጣ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ብሔራዊ ሙዚየምና በስድስት ኪሎ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በእግር የሚገናኙ ናቸው፤ ነገር ግን በአንድ ቀን አንዱን ብቻ ይዩ፣ ሌላውን ለሚቀጥለው ሳምንት ያስቀሩት።

በብሔራዊ ሙዚየም ጉብኝቱን ከምድር ቤቱ ይጀምሩ። ድንቅነሽ እዚያ ናት። አጥንቷ በአፋር ሐዳር የተገኘው በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሲሆን ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ከመላ አጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ሲሆን ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጦ ይጠበቃል፤ ይህንንም ለልጆቹ በግልጽ ይንገሯቸው፣ ምክንያቱ ሲነገራቸው ይረዳሉ። ከዚያ በፊት ግን ዝም ብለው ልጁ የሚያደርገውን ይመልከቱ። የእኔ ልጅ ባለፈው ዓመት ቆሞ በተሠራው አጽም ፊት ለረጅም ጊዜ ከቆየ በኋላ መዳፉን አናቱ ላይ አድርጎ ወደ መስታወቱ ዘረጋውና «እማዬ፣ እኩል ነን እኮ!» አለ። እውነቱን ነው፤ ቁመቷ ከ1 ሜትር ከ10 አይበልጥም። ቁጥሩን በወረቀት አንብቤለት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይገባውም ነበር።

ከድንቅነሽ ቀጥሎ ሰላም የተባለችውን ይፈልጉ። በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ ያገኛት የ3 ዓመት ገደማ ሕፃን ናት። ሰዎች የድንቅነሽ ልጅ እያሉ ይጠሯታል፤ ይሁን እንጂ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ስለሆናት ከድንቅነሽ 100 ሺህ ዓመት ያህል ቀድማ የኖረች ናት። ሕፃኗ ከትልቋ እንደምትቀድም ሲሰሙ የ9 ዓመት ልጅና ከዚያ በላይ ያሉት በጥያቄ ያጣድፉዎታል። ያንን ጥያቄ አይቸኩሉበት፤ አጥንት እንዴት ድንጋይ ሆኖ እንደሚቆይ፣ አፈር በንብርብር እንደሚተኛና ታችኛው ንብርብር ከላይኛው እንደሚያረጅ እዚያው ቆመው ያስረዱ።

ከላይ ያሉትን ፎቆች ሁሉ ማዳረስ አያስፈልግም። እኛ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተርና እርሳስ እንሰጥና «ከምታዩት ሁሉ አንድ ነገር መርጣችሁ ሣሉ» እንላቸዋለን። አንዷ ዘውድ ትመርጣለች፣ ሌላው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ትልቁን የእንጨት ዙፋን ይመርጣል። ተቀምጦ የሣለውን ነገር ልጅ አይረሳም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ ይሂዱ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኝበት ሕንፃ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተውታል። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ልጅ የሕይወት ዘመን፣ ከልደት እስከ ሞት ነው፤ ስለዚህ ልጆችን ከልጅነት ክፍል ጀምሮ ማስከተል ይቀላል። የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት እንደ ነበረ ይታያል፤ ለትንንሾቹ ከሁሉ የሚያስደንቃቸው ንጉሥም ገላውን ይታጠብ እንደ ነበር ማየታቸው ነው። ከሕንፃው ውጭ ጣሊያኖች የሠሩት ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ለእያንዳንዱ የሙሶሊኒ የሥልጣን ዓመት አንድ እርከን ብለው ገንብተውት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ልጆቹ እርከኖቹን እንዲቆጥሩ ያድርጉና ታሪኩን ከዚያ በኋላ ይንገሯቸው። ከግቢው ሲወጡም በአደባባዩ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት ሳያዩ አይለፉ፤ በ1929 ዓ.ም. በዚያ ቀንና በተከታዮቹ ቀናት የተጨፈጨፈውን ሕዝብ ለልጅ በሚመጥን ቃል ማስታወስ ይገባል።

6. ፒያሳ፦ የፈረስ ስም ጨዋታ

የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ፒያሳ ለቤተሰብ ሙሉ ጠዋት የሚበቃ ቦታ ሆናለች። ሰፊ ስለሆነ ያለ ዝግጅት የገባ ልጅ ይደክመዋል። እኛ ከመሄዳችን በፊት ባለው ማታ የፈረስ ስሞችን እናስተምራለን፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ። ጠዋት ልጆቹ ጀግኖቹን በፈረስ ስማቸው እየጠሩ ይፈልጓቸዋል፤ ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ ለራሳቸው የፈረስ ስም ያወጣሉ። ልጄ ለታናሽ ወንድሟ «አባ ቆሎ» ብላ አውጥታለት እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ከውጭ ሲሆኑ የምኒልክን ሐውልትና የአራዳ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ይዩ። ሕንፃው ባለ ስምንት ማዕዘን ስለሆነ ትንንሾቹ እየዞሩ ማዕዘኑን ይቁጠሩ። ዝናቡ ቀድሞ ከመጣ በአቅራቢያው ካለ ኬክ ቤት ገብተው ይጠለሉ።

7. ሰማዩ ለማይከፈትባቸው ቀናት

በአራት ኪሎ ዙሪያ ጣራ ያላቸው ቦታዎች ተቀራርበው ይገኛሉ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለልጆች የተለየ ክፍል አለው። ልጁ ራሱ መጽሐፍ መርጦ እስኪቀመጥ ድረስ እርስዎ አይምረጡለት። በመስከረም 2015 ዓ.ም. የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም ከ8 ዓመት በላይ ላሉት ይስማማል። ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለው አንድነት ፓርክ ደግሞ የሜዳና የጣራ ድብልቅ ነው፤ ጠዋት ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች አይተው፣ ሲያካፋ ወደ ዙፋን ቤቱና ወደ ግብር አዳራሹ መግባት ይቻላል። በበሩ ፍተሻ ስላለ በምሳ ዕቃው ውስጥ ቢላ አይኑር።

በመስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግን ለትንንሽ ልጆች አላሳይም። ከ13 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ከወላጅ ጋር፣ አስቀድሞ ተነግሮት፣ ከዚያም በኋላ ለመነጋገር ጊዜ ተይዞለት ሊያየው ይገባል።

8. እንጦጦ በክረምት

እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ከመሀል ከተማው በ4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ጉም ይጋርደዋል። ይህ ራሱ ደስታ ነው፤ ጉሙ ሲገፈፍ ከተማዋ ከሥር ብቅ ስትል ማየት በበጋ አይገኝም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ደርሰው በመጀመሪያ ወደ እንጦጦ ማርያም ይሂዱና ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበትን ቤተ ክርስቲያንና የቆዩበትን ቤት ያሳዩ፤ ከዚያ በኋላ በፓርኩ በተነጠፈው መንገድ ላይ ይራመዱ። ከንጣፉ የሚወጣው አቋራጭ ሁሉ በዚህ ወቅት ያንሸራትታል።

ነጎድጓድ ከሰሙ ጉብኝቱ አበቃ ማለት ነው። በባሕር ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው፤ መብረቅ ረጅሙንና ለብቻው የቆመውን ይመርጣል። ወደ ሕንፃ ወይም ወደ መኪና ይግቡ፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይቆዩ አይውጡ። ይህን በቸልታ የሚያልፉ ወላጆችን በየዓመቱ አያለሁ፣ እባክዎ እርስዎ አያድርጉት።

9. ነሐሴ 13ን ለሰፈር መተው

በቡሄ ቀን የትም አይሂዱ። ቀኑ የልጆች ነው፤ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ የሚዞሩት እነሱ፣ ሙልሙል የሚቀበሉትም እነሱ ናቸው። ይልቁንም ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት ለዱላው ቀጥ ያለ እንጨት ይፈልጉላቸው፣ ግጥሙን አብረው ይለማመዱ፣ ማን ይመራል ማን ይቀበላል የሚለውን ይስማሙ። አንድ አዋቂ ከኋላ ራቅ ብሎ ይከተላቸው። ጅራፍ የሚያጮኹት ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ተለይተው ሜዳ ላይ ይሁኑ፤ የጅራፍ ጫፍ ዓይን ያጠፋል።

10. ከከተማ ውጭ ለአንድ ቀን

ወደ ውጭ ለመውጣት የአስፋልት መንገድ ብቻ ይምረጡ። የመናገሻ ሱባ ጫካ ውብ ቢሆንም የሚያስገባው መንገድ በክረምት ጭቃ ስለሆነ ለጥቅምት ያቆዩት። የማንኛውንም መንገድ ሁኔታ ዋዜማውን ከሾፌሮች ይጠይቁ፤ ከሁለትና ሦስት ቤተሰብ ጋር ሆነው አንድ ሚኒባስ መከራየት ወጪውንም ድካሙንም ያቀላል።

ብሔራዊ ሙዚየምን ላዩ ልጆች የምመክረው በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን መልካ ቁንጥሬን ነው። በአዋሽ ዳር ያለው ይህ ቦታ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ በብዛት የተገኘበት ሲሆን፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ድንቅነሽን ያየ ልጅ እዚህ ሲመጣ የታሪኩን ቀጣይ ክፍል ያገኛል፦ ድንጋይ አንሥቶ መሣሪያ የሠራ እጅ። በዚያው መንገድ ሲቀጥሉ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በ1972 ዓ.ም. የተመዘገቡት 36ቱ የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። አብዛኞቹ የሰይፍ ምስል የተቀረጸባቸው ስለሆኑ ልጆቹ ሰይፉን በደብተራቸው ይሣሉ፤ በየድንጋዩ ስንት ሰይፍ እንዳለም ይቁጠሩ። አዋሽ በነሐሴ ሞልቶ ስለሚፈስ ወደ ዳሩ አይጠጉ።

ውኃ ለሚወዱት ደግሞ ቢሾፍቱ አለች። ከከተማው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ ከፍታዋም ዝቅ ስለሚል ሞቅ ትላለች። ሐይቆቿ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተከማቹ ናቸው፤ ስለዚህ ዳራቸው እንደ ሌላ ሐይቅ ቀስ እያለ አይጠልቅም። የቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ሐይቅ ውስጥ ልጅ አያስገቡ፤ መዋኘት ካማራቸው ጠባቂ ባለው መዋኛ ገንዳ ይሁን፣ ያንንም ከእጅ በማይርቅ ርቀት ሆነው ይከታተሉ። በሐይቁ ላይ በጀልባ የሚሄዱ ከሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የተሠራ የአደጋ ጊዜ ጃኬት መኖሩን ሳያረጋግጡ አይሳፈሩ፤ የጀልባው ጉዞም ዝናብ ከመጀመሩ በፊት በጠዋት ይሁን።

ለሁለቱም ጉዞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥተው ከ9 ሰዓት በፊት ይመለሱ፤ በዶፍ ዝናብና በጨለማ ከልጅ ጋር መንገድ ላይ መሆን ይከብዳል።

11. ቤት ሲደርሱ

በመጀመሪያ የልጆቹ እግር በሞቀ ውኃ ይታጠብ፣ ደረቅ ካልሲ ይልበሱ፣ ትኩስ ሻይ ወይም አጥሚት ይጠጡ። ጭቃው የደረቀውን ቦቲ በማግስቱ ማራገፍ ይቀላል። የረጠበውን ሽራ ግን ከከሰል ምድጃ አጠገብ አያስቀምጡት፣ ሶሉ ይላቀቃል። ክሩን ፈትተው ውስጡን በአሮጌ ጋዜጣ ይጠቅጥቁት፤ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ጋዜጣውን አንድ ጊዜ ይለውጡለት። ጠዋት ደርቆ ያገኙታል።